ስለ ሪህ ሕመምና ሳይመረመር ስለሚፈረድ ፍርድ



«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ቃል እውነት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ሰው በሽታውን ስለ ምን እንደሚሸሽግ የሚመረምር ጥቂት ነው። አንዱ ገንዘብ ስለሌለው፥ አንዱም ሐኪም የሚነግረውን ስለሚፈራ ይሸሽጋል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስሸሽገው ኀፍረት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገርበት ሪህ የተባለው ሕመም ባለቤቱን ከሚያሳፍሩት በሽታዎች አንዱ ነው። ይኸውም ሰው ሁሉ ሪህ ጮማ ከመቍረጥና ጠጅ ከማብዛት የሚመጣ የሆዳሞች ቅጣት ነው ብሎ ስለሚያምን ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ሪህ ወይም ቍርጥማት የሚለው ስም ለመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ይነገራል፤ ብርድ የመታውም፥ በእርጅና ጕልበቱ የደከመውም፥ ወገቡን የሚያመውም ሁሉ «ሪህ ያዘኝ» ይላል። ሐኪሞች ግን እነዚህን ለያይተው በየስማቸው ይጠሯቸዋል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ሪህ ስል በውጭ አገር ቋንቋ ጋውት የሚባለውን፥ ዩሪክ አሲድ የተባለ ነገር በደም ውስጥ በዝቶ በመገጣጠሚያ ላይ ሲረጋ የሚነሣውን ሕመም ብቻ ማለቴ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዘመናት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ የታላቅ ወንድሜ ነገር ነው። ወንድሜ በአገር ቤት የሚኖር አስተማሪ ነው። ዕድሜው ወደ ዐርባ አምስት ዓመት ሲጠጋ አንድ ሌሊት በድንገት ከእንቅልፉ ነቃ፤ የግራ እግሩ አውራ ጣት ከሥሩ አብጦና ቀልቶ እንደ እሳት ያቃጥለው ነበር። የጋቢው ጫፍ ሲነካው እንኳ መታገሥ አልቻለም። ከሳምንት በኋላ ሕመሙ እንዳልነበረ ሆኖ ጠፋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተመለሰ፤ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው እየተመላለሰ ቍርጭምጭሚቱን፥ ጕልበቱንና የእጁን አንጓ ይይዘው ጀመር።

ጎረቤቱ ሁሉ «የጮማ በሽታ ነው» እያለ ይሥቅበት ነበር። እትዬ እያልሁ የምጠራት ሚስቱም «ወጡን የምታበላሽበት አንቺ ነሽ፤ ቅቤና ሥጋ ታበዢበታለሽ» ተብላ በዘመድ ፊት ተወቀሰች። እኔም ከሩቅ ሆኜ «ጋሼ፥ ሥጋውንና መጠጡን ብትተው ይህ ሁሉ መከራ ባላገኘህ» የሚል የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፍሁለት። ወንድሜ ግን በአስተማሪ ደመወዝ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፤ ሥጋ በቤቱ የሚታየው በበዓል ቀን ነው፤ መጠጥም ቢሆን ከማኅበር ጠላ አያልፍም ነበር። ይህን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን አላሰብሁትም። እኔ በየቀኑ በፍርድ ቤት መዝገብ የምጽፍ ሰው ነኝና ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ ከማንም ይልቅ ማወቅ ይገባኝ ነበር። በወንድሜ ላይ ግን ምስክር ሳልሰማ ፈረድሁ። እርሱም ደብዳቤዬን ካነበበ በኋላ ስለ ሕመሙ ለእኔ መናገርን ተወ፤ ወደ ሰርግና ወደ ማኅበርም መሄዱን አቆመ፤ ሕመሙ በተነሣበት ቍጥር ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ክኒን እየገዛ በመዋጥ ስምንት ዓመት ኖረ።

እንግዲህ ሊቃውንት ስለዚህ ሕመም መርምረው ያገኙትን በቅደም ተከተል እንመልከት።

ሪህ ለሰው ልጅ አዲስ ሕመም አይደለም። ከ2400 ዓመት በፊት ገደማ በግሪክ አገር በሂጶቅራጥስ ስም በተጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፥ ሴቶች የወር አበባቸው ሳይቋረጥ ይህ ሕመም እንደማይዛቸው ተመልክቶአል፤ ዛሬም ሐኪሞች የሚያዩት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በ1679 ሌቨንሁክ የተባለው የሆላንድ ሰው ከሕመምተኛ እብጠት የወጣውን ጠመኔ የሚመስል ነገር ራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ ቢመለከተው እንደ መርፌ የሾሉ ብዙ ቅንጣቶች አየ፤ ከምን እንደ ተሠሩ ግን አላወቀም። በ1776 ሼሌ የተባለው የስዊድን ሊቅ በሽንት ጠጠር ውስጥ ዩሪክ አሲድን አገኘ። በ1797 ዎላስተን የተባለው እንግሊዛዊ ያ ጠመኔ መሳይ ነገር ከዚሁ ከዩሪክ አሲድ የመጣ መሆኑን ገለጠ። በ1848ም አልፍሬድ ጋሮድ የተባለው የሎንዶን ሐኪም በሪህ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ እንደሚገኝ አስረዳ።

ይሁን እንጂ ሕመሙን የሚያነሣሣው ያ ቅንጣት ራሱ መሆኑ በግልጥ የታወቀው ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በ1961 በአሜሪካ ማካርቲና ሆላንደር የተባሉ ሐኪሞች ከታመመ መገጣጠሚያ በመርፌ የተቀዳውን ፈሳሽ ልዩ ብርሃን ባለው ማይክሮስኮፕ ተመልክተው ቅንጣቶቹን በዓይናቸው አዩ። በ1962 ደግሞ ይኸው ማካርቲና ፌሬስ የተባለው ባልደረባው እውነቱን ለመረዳት ሲሉ የዩሪክ አሲድ ቅንጣት በየራሳቸው ጕልበት ውስጥ በመርፌ አስገቡ። ጥቂት ሰዓት ሳያልፍ የሁለቱም ጕልበት አብጦ በብርቱ ሕመም ተያዙ። በዚህም፥ ጮማ ሳይቈርጡ ጠጅም ሳይጠጡ፥ ሪህን ከመሰለው ሕመም ጋር ተገናኙ።

ቅንጣቱ ሕመም የሚያመጣበት መንገድ ደግሞ በ2006 ተገለጠ። በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ ማርቲኖንና ቾፕ የተባሉ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እንዳስረዱት፥ ሰውነታችንን ከተላላፊ በሽታ የሚጠብቁት ሕዋሳት ያንን ቅንጣት ባገኙ ጊዜ ጠላት የገባ ይመስላቸዋል። በውስጣቸውም ኢንፍላማሶም የተባለ ነገር ይቀሰቀስና ኢንተርሉኪን አንድ የሚባለውን የማስጠንቀቂያ መልእክት ይለቃል፤ ሌሎችም ሕዋሳት የዘበኛ ጩኸት እንደ ሰሙ ሰዎች ወደዚያው ይሰበሰባሉ። እብጠቱ፥ መቅላቱና ትኵሳቱ የዚህ ሁከት ውጤት ነው። ስለዚህም ሕመሙ በሌሊት በድንገት ተነሥቶ ከጥቂት ቀን በኋላ በራሱ ይበርዳል፤ ሁከቱ ጸጥ ቢልም ግን ቅንጣቱ ከስፍራው አልሄደም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ የሚበዛው ስለ ምንድር ነው? ይህ ነገር የሚመነጨው ከምንበላው ምግብ ብቻ አይደለም፤ የራሳችን ሰውነት አርጅተው የሚሞቱ ሕዋሳቱን ሲያፈራርስም ይሠራዋል። ከሚሠራውም ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ኵላሊት፥ የቀረውን አንጀት ያስወግደዋል። ሪህ ከያዛቸው ሰዎች የሚበዙት ይህን ነገር አብዝተው የሚሠሩ ሳይሆኑ አጥርተው ማስወገድ ያልቻሉ ናቸው። ይህም አለመቻል አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ከአባት በዘር የሚወረስ ነው። በኒው ዚላንድ በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሊቃውንት ከሌሎች አገሮች ሰዎች ጋር ሆነው የ2.6 ሚሊዮን ሰዎችን የዘር ምልክት መርምረው በ2024 ባወጡት ጽሑፍ፥ ከሪህ ጋር የተያያዙ 377 የዘር ስፍራዎችን ቈጥረዋል። ከተመረመሩትም ውስጥ ወደ 120 ሺህ የሚሆኑት ሕመሙ የያዛቸው ነበሩ።

ከዚህም በፊት በ2018 ከ16 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ የወጣ ሌላ ጥናት ነበረ። በዚህ ጥናት አንዱ ሰው ከሌላው በዩሪክ አሲድ መጠን የሚለይበት ምክንያት ሲመዘን፥ ከዘር የተወረሰው ከመቶ ወደ 24 እጅ የሚሆነውን ሲያስረዳ፥ እያንዳንዱ የምግብ ዓይነት ለየብቻው የሚያስረዳው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። የተመረመሩትም ከኤውሮጳ ዘር የሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ሕመምተኛውን በማዕዱ ምክንያት የምንወቅስበት ልማድ ምን ያህል መሠረት የሌለው እንደ ሆነ ለማስተዋል ይበቃል።

ይህን ስል ምግብ ከነገሩ ፈጽሞ የለበትም ማለቴ አይደለም። በ2004 የታተመ ጥናት 47,150 ወንዶችን 12 ዓመት ሙሉ ተከታትሎ፥ ሥጋና ዓሣ የሚያበዙ ሰዎች በሪህ የመያዛቸው ዕድል ከፍ ማለቱን፥ ወተት የሚወስዱት ደግሞ ዝቅ ማለቱን አሳይቶአል። ቢራም ከመጠጥ ሁሉ ይልቅ ከሪህ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቶአል፤ የእኛም ጠላ ከብቅል የሚጠመቅ ስለ ሆነ የቢራ ዘመድ ነውና ሕመምተኛው ቢቀንሰው መልካም ነው። ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ ነው። ለብዙ የቤት እመቤቶች የምሥራች የሚሆነው ግን በዚያው ጥናት የባቄላ፥ የአተርና የምስር ዓይነት እህል ሪህን የሚያበዛ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛውን ሽሮና ምስር መከልከል አያስፈልግም። ቡና የሚጠጡ ወንዶችም በሪህ የመያዛቸው ዕድል ያነሰ መሆኑ በ2007 ተጽፎአል። እንግዲህ ምግብ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ወይም ጥቂት ሊያበርድ ይችላል፤ በምግብ ብቻ የሚድን ግን ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ስለ ምርመራ እንናገር። እውነተኛው ማስረጃ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ ቅንጣቱን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ይህም በዓይን የታየ ምስክር ነው። ፈሳሽ ለመቅዳት በማይመችበት ጊዜ በአልትራሳውንድ ሲታይ፥ በመገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንቱን ጫፍ በሚሸፍነው ለስላሳ ነገር ላይ የረጋው ዩሪክ አሲድ እንደ ነጭ መስመር ይታያል። ሁለት ዓይነት ጨረር የሚጠቀመው ሲቲ ስካን ደግሞ ዩሪክ አሲዱን በተለየ ቀለም ለይቶ ያሳያል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው መሣሪያ በየሆስፒታሉ አይገኝም። የደም ምርመራ በቀላሉ ይደረጋል፤ ቢሆንም አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። ሕመሙ በተነሣበት ቀን የዩሪክ አሲዱ መጠን ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላልና «ደሜ ደኅና ነው፤ ሪህ አይደለም» ብሎ መዝገቡን መዝጋት አይገባም፤ ሕመሙ ከበረደ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ገና መመርመር ያስፈልጋል። ደግሞም አንድ መገጣጠሚያ አብጦ ከባድ ትኵሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት የመጣ እንደ ሆነ፥ መግል የሚያመጣ ሌላ አደገኛ በሽታ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ሕክምናውም ሁለት ክፍል አለው፤ ብዙ ሰው የሚጐዳውም እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ባለማወቅ ነው።

የመጀመሪያው የተነሣውን ሕመም ማብረድ ነው። ለዚህም ሐኪሙ እንደ ሰውየው ጤና ከማስታገሻ ክኒኖች፥ ከኮርቲዞን ወገን ከሆኑት መድኃኒቶች ወይም ኮልቺሲን ከተባለው አንዱን ያዝዛል። ኮልቺሲን ከአበባ ተክል የሚገኝ እጅግ የቈየ መድኃኒት ነው። ቀድሞ በብዛት ይሰጥ ስለ ነበረ ሕመምተኛውን በተቅማጥ ያደክመው ነበር፤ በ2010 የታተመ ምርመራ ግን ጥቂቱ መጠን እንደ ብዙው እንደሚሠራ፥ ጕዳቱም እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ አስረድቶአል። ቢሆንም ኵላሊቱ ለደከመ ሰው ወይም ከአንዳንድ ሌላ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ አደጋ ስላለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

ሁለተኛው ክፍል ሥሩን መንቀል ነው። ዩሪክ አሲድ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ መርጋት ይጀምራል፤ ከ6 በታች ሆኖ ሲኖር ግን የረጋው ሁሉ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ለዚህ የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት አሎፑሪኖል ነው። ይህን ያገኙት በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ገርትሩድ ኤሊዮንና ጆርጅ ሂቺንግስ ናቸው፤ መድኃኒቱ በ1966 ተፈቀደ፥ እነርሱም ስለ መድኃኒት ሥራቸው በ1988 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሌሎችም ከዚያ በኋላ መጥተዋል፤ ፌቡክሶስታት በ2009፥ ሌላ መድኃኒት ላልረዳቸው በደም ሥር የሚሰጠው ፔግሎቲኬዝ ደግሞ በ2010 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። አሎፑሪኖል በቀን ከ100 ሚሊግራም በማይበልጥ ተጀምሮ ደም እየተመረመረ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ከባድ የቆዳ ጕዳት ስለሚያመጣ፥ ሽፍታ የታየበት ሰው ወዲያው መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ ይብሱን ሊነሣ ይችላል፤ የረጋው ቅንጣት ሲሟሟ መገጣጠሚያውን ያስቈጣዋልና። ስለዚህ ሐኪሞች ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያበርድ መድኃኒት ጨምረው ይሰጣሉ። ይህን ያልተነገረው ሕመምተኛ ግን «መድኃኒቱ አባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። የተነገረው ሰው ምን ያህል እንደሚጠቀም በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የተደረገውና በ2018 የታተመው ምርመራ ያሳያል። 517 ሕመምተኞች በሁለት ተከፍለው፥ ግማሾቹን ነርሶች ስለ ሕመሙ በሚገባ እያስረዱ ሲከታተሉአቸው፥ የቀሩት እንደ ልማዱ በየሐኪማቸው ታከሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ነርሶች ከያዙአቸው ከመቶው 95፥ ከሌሎቹ ግን ከመቶው 30 ብቻ ዩሪክ አሲዳቸው ከሚፈለገው በታች ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ በሁለቱም ወገን የሚገኝ ነበረ፤ ዋናው ልዩነት ቀርቦ ማስረዳትና ተግቶ መከታተል ነው።

የወንድሜም ነገር እንዲሁ ሆነ። በስምንተኛው ዓመት በእጁ ጣቶችና በክርኑ ላይ እብጠት ወጥቶ ጠመኔ መያዝ ባቃተው ጊዜ እትዬ ግድ ብላ ወደ ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙም ከእብጠቱ ጥቂት ቀድቶ መረመረና ሪህ መሆኑን አረጋገጠ፤ ሳይታዘዝ ለዓመታት የዋጠው ማስታገሻም ኵላሊቱን እንደ ጐዳው ነገረው። መድኃኒቱን በጀመረ በሁለተኛው ወር ሕመሙ ብሶ ስለ ተነሣበት ወርውሮ ጣለው። እትዬ ግን ብቻዋን ወደ ሐኪሙ ተመልሳ ነገሩን ጠየቀች፤ ምክንያቱንም ተረድታ መጥታ አስረዳችውና እንደ ገና ጀመረ። እነሆ አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ሪሁ አልተነሣበትም፥ የክርኑም እብጠት ጠፍቶአል። የተጐዳው ኵላሊት ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ አንዲት ጣቱም ተጣምማ ቀርታለች። ስምንት ዓመት ባይሸሽግ ኖሮ ይህ ባልደረሰበት ነበር፤ ከሸሸገበትም ምክንያት አንዱ የእኔ ደብዳቤ ነው። ባለፈው ፋሲካ ወደ ቤቱ ሄጄ እርሱንም እትዬንም ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሱም ሥቆ «አንተ እንኳ የጻፍኸው ከቤት ሳይወጣ ቀረ፤ የሌላው ግን በአደባባይ ነበረ» አለኝ። እትዬ ግን አልሣቀችም።

ሕመሙ በዘር የሚወረስ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ እኔም ደሜን አስመረመርሁ፤ ዩሪክ አሲዴ ከልክ ጥቂት አልፎ ተገኘ። ሐኪሙ ግን ሕመም እስካልተነሣብኝ ድረስ በቍጥሩ ብቻ መድኃኒት እንደማይሰጥ ነግሮኝ፥ ክብደቴን እንድቀንስ፥ መጠጥም እንዳላበዛ መክሮ ሰደደኝ። ስለዚህ ቍጥሩ ከፍ ያለበት ሁሉ ሕመምተኛ አይደለምና አይደንግጥ።

እንግዲህ ባለ ቤቶችና የቤት እመቤቶች ሆይ፤ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያላችሁ እንደ ሆነ ይህን አድርጉ። ሕመሙ የተነሣበትን ቀንና የያዘውን ስፍራ በወረቀት ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ለደም ግፊት የሚሰጡት አንዳንድ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉና የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ንገሩት፤ ነገር ግን ሐኪሙ ሳያዝዝ አንዱንም አታስቁሙት። በደምና በሽንት ምርመራ ኵላሊቱ እንዲታይለት ጠይቁ። ሕመሙ በበረደ ጊዜ የዕለቱን ክኒን ማስታወስ የእናንተ ድርሻ ይሁን፤ ሕመም የሌለበት ሰው መድኃኒቱን ይረሳልና። ከሁሉም በፊት ግን አታሳፍሩት፤ ወጥ የሠራችለትንም አትውቀሱ። ምስክሩ በደሙ ውስጥ አለና ሳይመረመር አይፈረድበት።